ከሴቶች ፎቅ በላይ የነበረው ኮርኒስ

ቢሮ ውስጥ «ሜትሯ» ይሏታል። ሥራዋ የከተማዋን ጥንታዊ መስጊዶች እየለኩ ንድፋቸውን ወረቀት ላይ ማስፈር ነው። በዘጠኝ ዓመት አሥራ አራት መስጊድ ለክታለች፤ ኢማሙ የሚቆምበትን የሚህራብ ቅስት፣ የሚናራውን ደረጃ፣ በበሩ ላይ የተፈለፈለውን ሐረግ ሳይቀር። ባልደረቦቿ፣ ባሏንም ሳትለካው አላገባችውም እያሉ ይቀልዱባታል።

አንዱን ግን አልለካችም፤ ከእናቷ ቤት ሁለት እርምጃ ላይ ያለውን፣ ያደገችበትን ሰፈር መስጊድ። አለቃዋ ባነሳባት ቁጥር፣ እሱማ ቤቴ ማለት ነው፣ የትም አይሄድብኝ ትላለች። የሩቆቹን አስቀደመች። ቅዳሜ እናቷን ልትጠይቅ ስትመጣ ደግሞ ሜትሩን ቢሮ ትታው ነው።

በክረምቱ ጣሪያው ማፍሰስ ጀመረ። የመስጊዱ ኮሚቴ ሊያስቀይረው ተነሳ። እሷ ከመስክ ሥራ ስትመለስ ቀለም የተቀባው የእንጨት ኮርኒስ ወርዶ፣ በቦታው ነጭ ጂፕሰም ተለጥፏል። የሠራውን አናጺ ፈልጋ የድሮው እንጨት የት እንደገባ ጠየቀችው። አናጺው ክፉ ሰው አልነበረም። እንጨቱን ምስጥ እንደጨረሰው፣ አብዛኛው ለማገዶ እንደሄደ በትሕትና አስረዳትና፣

«ስለዚህ መስጊድ የተመዘገበ ነገር አለ ወይ ብለን እናንተ ቢሮ ጠይቀን ነበር። የለም አሉን» አላት።

ኮርኒሱን በቅርብ ያዩት ሴቶቹ ብቻ ነበሩ፤ የሚሰግዱበት ፎቅ ከሥሩ ስለሆነ እጅ ቢዘረጋ ይደርሳል። ስለዚህ ደብተር ይዛ የሰፈሩን እናቶች በየቤታቸው ዞረች። አንዷ አበባው ባለ ስድስት ቅጠል ነው አሉ፣ ሌላዋ ስምንት። ሦስተኛዋ አበባ ሳይሆን ወይን ነው ብለው ድርቅ አሉ። በመጨረሻ የራሷን እናት ጠየቀች።

«ሰማያዊ ነው» አሉ እናቷ። «እግሬ ላይ ጋደም ብለሽ አበቦቹን ስትቆጥሪ ነበር እንቅልፍ የሚወስድሽ።»

«ስንት ነበሩ?»

«እኔ ምን አውቄ፤ አንቺ አሥር ስትደርሺ እንደገና ከአንድ ትጀምሪያለሽ።» ጉልበታቸውን አሹ። «ደረጃው አቃተኝ፣ አንድ ቀን ደግፈሽ አውጪኝና ልየው ብዬሽ ነበር እኮ።»

አስታወሰችው። የሚቀጥለው ቅዳሜ ብላቸው ነበር። ደብተሯን አጠፈች።

በዚያው ወር መስጊዱን ለካች። ግድግዳው፣ ዓምዱ፣ የሴቶቹ ፎቅ ሁሉም በሴንቲሜትር ገባ። ከኮርኒሱ የተረፈው ጥበቃው ዘንድ የተገኘ አንድ ሳንቃ ነው፤ ቀይ መስመርና ግማሽ ቅጠል አለበት። እሱን በንድፉ ላይ በኮርኒሱ ጠርዝ በኩል ሳለችው። አለቃዋ ቀሪውን እናቶቹ በነገሯት እንድትሞላው ቢመክራትም እሺ አላለችም። የቀረውን የኮርኒሱን ቦታ ባዶውን ተወችና «አልተለካም» ብላ ጻፈችበት። ከሥሩም ይህን መስጊድ እንድትለካ መጀመሪያ የታዘዘችበትን ቀን አሰፈረች፤ አራት ዓመት አልፎታል።

አለቃዋ ቀኑ እንኳ ይቅር አላት።

«ይኑር» አለች።