አንዴ ብቻ የሚጋብዙ ሰዎች

ያ ክብ እስካሁን ትዝ ሲለኝ ቋቅ ይለኛል። ተማሪ ሊመለምል የመጣ አንድ የባንክ ሰው መሃል ይቆማል፤ እኛ ተማሪዎቹ ብርጭቆ ይዘን እንከበዋለን። ወደ ምግቡ ጠረጴዛ ሲራመድ ክቡም አብሮት ይራመዳል። ስለ ጎልፍ ያወራል፣ እንስቃለን። ሽሪምፕ አፉ ውስጥ እያላመጠ ያወራል፣ አሁንም እንስቃለን። አጠገቤ የቆመው ልጅማ ቀድሞ ለመሳቅ ሲል ወሬው ሳያልቅ ይጀምራል። የእኔም ሳቅ ከሱ ሳቅ የተሻለ አልነበረም።

እዚያ ያደረሰኝ የራሴ ምኞት ነው፤ ማንም አልገፋኝም። ለዓመታት በአማካሪነት ሠርቻለሁ። ሰኞ ጠዋት ከዲኤፍደብልዩ ኤርፖርት እየበረርኩ፣ አይቼው የማላውቀው ፋብሪካ ገብቼ፣ ዕድሜያቸውን እዚያ የፈጁ ሰዎችን ሥራቸውን አስተምራለሁ። አመስግነው ይቀበሉኝና ምክሬን መሳቢያ ውስጥ ይከቱታል። ይሄ አንገሸገሸኝና ኢንቨስትመንት ባንክ ልግባ አልኩ፤ ኩባንያ ሲሸጥና ሲገዛ መሃል ሆነው የሚያደራድሩት ጋ። እዚያ ቢያንስ ነገሩ ወይ ይሸጣል ወይ አይሸጥም። መግቢያው በር ደግሞ ቢዝነስ ስኩል ነበር። ትምህርቱ ሰበብ ነው፤ ዋናው በመጀመሪያው ዓመት ባንክ ውስጥ የሰመር የሥራ ልምምድ ቦታ ማግኘት ነው። እሱ ካመለጠ መንገዱ ተዘጋ፤ ሥራ ለቅቄ፣ ብድር ውስጥ ገብቼ፣ ተመልሼ እዚያው አማካሪነቴ።

ያን ምሽት ሰውየው ሊወጣ ሲል ወደ እኔ ዞረ። «ከባልደረቦቼ ጋር እራት ልንበላ ነው፤ አንድ ወንበር አለን። ትመጫለሽ?»

«ኧረ አይሆንም፣ አላስቸግራችሁም» አልኩት በእንግሊዝኛ።

መግደርደሬ ነበር። የእናቴ ልጅ ነኝ፤ ሰው ሲጋብዝ መጀመሪያ እምቢ ይባላል፣ ጋባዡ ይለምናል፣ ያኔ እያፈሩ ይቀመጣሉ። ሰውየው ግን «እሺ፣ ሌላ ጊዜ» አለ። እስኪለምነኝ ፈገግ ብዬ ቆሜ እጠብቃለሁ። ያ ቀድሞ የሚስቀው ልጅ «እኔ እመጣለሁ» ብሎ ኮቱን እየለበሰ ተከተለው። የሰመሩን ቦታም እሱ ወሰደው።

ተማሪዎችን ከባንኮች ጋር የምታገናኘው የትምህርት ቤቱ ሠራተኛ ይህን ስነግራት አፍጥጣ አየችኝ። «እምቢ አልሽው?»

«አንዴ ብቻ ነው ያልኩት» አልኳት። አልገባትም። መራብሽን ማየት አለባቸው አለችኝ። በእኛ ቤት ረሃብተኛ ከመባል ሌባ መባል ይሻላል።

ሮውሌት ከተማ እናቴ ጋ ሄጄ ሳወራት ግን ደስ አላት። አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሽማግሌዎችን እየለመነች የምታጎርስ ሴት ናት። «እሰይ! ሶ፣ ገና ሲጠሩሽ ዘለሽ ብትገቢ ምን ይሉሻል? ኮል ያደርጉልሻል፣ ቆይ» አለችኝ። ማንም አልደወለም።

ሌላ ባንክ ለእራት ማን እንደሚመጣ ተማሪዎቹን ሲጠይቅ ግን ትምህርቱ ገብቶኝ ነበር። ጋባዡ ንግግሩን ሳይጨርስ «እመጣለሁ» አልኩ። ስቴክ ቤቱ እንደደረስንም ማንም ሳይቀድመኝ ከአለቃቸው አጠገብ ተቀመጥኩ። አለቃው ደም ያዘለ ሥጋ እየቆረጠ በቅርቡ ስላሻሻጡት ድርጅት ነገረን። ከሽያጩ በኋላ የተባረሩትን ሠራተኞች «ተቆርጦ የሚጣል ስብ» ነው የሚላቸው። እኔ ሥጋው አልወርድ አለኝ፤ ራሴን ግን እየነቀነቅኩ አዳምጣለሁ።

አስተናጋጃችን ጸጉራቸው የሸበተ የእኛ ሰው ነበሩ። ገና ሳያቸው ለየኋቸው፤ እሳቸውም እንደለዩኝ ከፊታቸው ገባኝ። ትዕዛዙን ደግመው ሲያረጋግጡ አለቃው የእንግሊዝኛ አነጋገራቸውን እያስመሰለ መለሰላቸው። ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ። ቀድማ የሳቀችው እኔ ነኝ።

ሳህን ሊያነሱ ሲመጡ አለመብላቴን አዩ። ጎንበስ አሉና ድምፃቸውን ቀንሰው «ምነው ልጄ፣ አልበላሽም እኮ። ትንሽ ቅመሺ እንጂ፣ እንዲህማ አይሆንም» አሉኝ።

«አይም ፋይን፣ ታንክ ዩ» አልኳቸው። ቀና ብዬ እንኳ አላየኋቸውም። ሳህኑን አንስተው ሄዱ።

ወደ ቤት ስነዳ አብረውኝ የበሉትን ሰዎች ተጸየፍኳቸው፤ ራሴን ግን የበለጠ። እነሱ ሲፈጥራቸው እንደዚያ ናቸው፤ እኔ ተምሬ፣ ከፍዬ ነው።

በሳምንቱ ቦታውን ሰጡኝ። እናቴ በስልክ እልልታዋን አቀለጠችው። ሳክሲ ከተማ ላለችው እህቷ አሁኑኑ ካልደወልኩ አለች። ከዚያ ትንሽ ተረጋጋችና «ኦኬ፣ ለመሆኑ ዲነሩ ላይ የኛ ሰው ነበረ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ማንም አልነበረም» አልኳት።

«ውይ፣ ብቻሽን!» አለችኝ። «አይዞሽ የኔ ልጅ።»