ሰም የቀባናት ግላይደር

የትምህርት ቤታችን ግላይደር ከእኔ በፊት ቦንጋ የገባች አሮጊት ናት። ሰው የማትጭን ትንሽ አውሮፕላን ናት፤ ሞተር የላትም፤ በገመድ ተስባ ከፍ ትልና ገመዱ ሲለቃት በነፋስ ትንሳፈፋለች። በየዓመቱ ከዋጫ ትምህርት ቤት ጋር በሚደረገው ውድድር ተሸንፋ ስለምትመለስ፣ ዳይሬክተራችን ካሁን በኋላ ከተሸነፈች ዕቃ ቤት ትገባለች አሉ። የፊዚክስ አስተማሪ ነኝና ነገሩ ከነከነኝ። እልኸኛ መሆኔንም የሚያውቀኝ ያውቃል።

ከባዮሎጂ አስተማሪው ጋር ሆነን ከባዱን ጅራቷን አውልቀን ከቀርከሃ ቀለል ያለ ሠራንላት። የቀረው በክንፏና በአካሏ መካከል ያለው ክፍተት ነበር፤ ነፋስ በዚያ እየሾለከ ጉልበቷን ይበላዋል። ጋሼ፣ የባዮሎጂ አስተማሪውን እንዲህ ነው የምላቸው፣ ጫካ ውስጥ ቀፎ የሚሰቅሉ ሰው ናቸውና ከቤታቸው ሰም አመጡ። አቅልጠን ክፍተቱን ደፈንን፤ ከተረፈውም ክንፏን ወለወልንበት። ከዚያ ሰው እንዳይረግጣት ብለን ግቢው ውስጥ ካለው ዋንዛ ላይ ሰቀልናት።

በውድድሩ ዕለት ጠዋት ስንመጣ ክንፏ በንብ ተሸፍኗል። እዚህ አገር ንብ የፈለገ ሰው ቀፎውን ሰም ቀብቶ ዛፍ ላይ ይሰቅላል። ጋሼ ዕድሜ ልካቸውን ሲሠሩት የኖሩትን ነገር በግላይደራችን ላይ ሠርተነው፣ ለሁለታችንም ትዝ አላለንም።

በጭስ እናባራቸው አልኩ። ጋሼ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«በራሱ የመጣ ንብ አይባረርም። ቤት እንስጠው።»

ንዴቴ እንባዬን አመጣው። ደንቡ ግልጽ ነው፤ በሰዓቱ ያልበረረ እንደተሸነፈ ይቆጠራል። ግላይደራቸውን ይዘው የመጡት የዋጫው አስተማሪ ዝም ብለው ቢቆሙ ያሸነፉ ነበር። እሳቸው ግን ንቦቹን ሲያዩ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ እንጠብቃለን አሉና ጋሼ ያመጡትን ባዶ ቀፎ ከታች ደግፈው ያዙ። ንቦቹ ገብተው እስኪያልቁ ፀሐይ አናታችን ላይ ደረሰች።

የእነሱ በረረች፤ ጥሩ በረረች። የእኛዋ አሮጊት ተከትላ ወጣች፤ ያቺኛዋ ሣሩ ላይ ካረፈች በኋላም እሷ ገና ከባሕር ዛፎቹ በላይ ትዞር ነበር። ጋሼን እቅፍ አድርጌ ዘለልኩ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ማሩ ሲቆረጥ የመጀመሪያውን ለዋጫው አስተማሪ ላክንላቸው። ዕቃው ባዶውን አልተመለሰም፤ ንጹሕ ሰም ሞልተውበት ነበር። ይዞት የመጣው ሾፌር መልእክታቸውንም ነገረን፦

«ለሚቀጥለው ውድድር ይሁናችሁ። ዛፍ ላይ ግን አትስቀሏት፤ ሁለተኛ አልጠብቅም።»