ለጥሩሰው የተላከ ወተት

ጥሩሰው ለጉዞ በሚነሣበት ማለዳ እጁ ሥራ አይፈታም። ፒክአፑ ጣሪያ ላይ የተተከለችውን አንቴና በእርጥብ ጨርቅ ይጠርጋል፤ ከዚያ ከመቀመጫው አጠገብ የታሰረችውን ሳጥን በቀለም ብሩሽ ያራግፋል። ሰመራ ግቢ የምንጋራ ጎረቤታሞች ነንና ከደጃፌ ሆኜ አየዋለሁ።

ሳጥኗ የምትለቅመው የውኃ ልክ ነው። ከአዋሽ ከተማ እስከ ሰመራ፣ ስልክ በማይሠራበት በረሃ፣ የዝናብ ውኃ የሚጠራቀምባቸው ኩሬዎች አሉ። በየኩሬው ዳር የቆመው ምሰሶ ውኃው ምን ያህል እንደቀረ እየለካ ይይዛል፤ ወደ ሩቅ መላክ ግን አይችልም። ጥሩሰው አጠገቡ መኪናውን አቁሞ፣ ሳጥኗ ቁጥሩን ተቀብላ ቀይ መብራቷ አረንጓዴ እስኪሆን ይጠብቃል። ቢሮ ያለችው ማህሌት ደግሞ ቁጥሩን አይታ ውኃ ላለቀበት መንደር ቦቴ ታስልካለች።

ከገዋኔ አለፍ ብሎ ባለው ኩሬ ዘንድ ኢስማኤል የሚባሉ የአፋር ሽማግሌ ነበሩ። አፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ዳጉ ይቀመጣል፤ ያየውንና የሰማውን ሳይደብቅ፣ ሳይጨምር ይነጋገራል። ዳጉ ላይ መዋሸት ትልቅ ነውር ነው።

"ከአዋሽ ወዲህ ምን አየህ? ምን ሰማህ?" ይሉታል ሽማግሌው።

"ደህና ነው አባባ።"

"ደህናማ ፍየሌም ትለኛለች። ውረድና ቁጭ በል!"

መብራቱ አረንጓዴ ከሆነ በኋላም ጥሩሰው ግራር ሥር ተቀምጦ ስለ ሞተው፣ ስለ ተወለደው፣ ስለ ግመል ገበያው ሲጠየቅ ይቆያል። መጨረሻ በተገናኙ ጊዜ ኢስማኤል የማትናገር ትንሽ ሬዲዮ ሰጥተው፣ "አዋሽ አሠራልኝ" አሉት። አሠራት። ግን ያ ሁሉ ወሬ ሰልችቶት ነበርና ወደ ኩሬው የሚያስገባውን መታጠፊያ እያለፈ መሄድ ጀመረ። ምሰሶው የለካውን አይጥልም፣ በሚቀጥለው እወስዳለሁ ይላል ለራሱ። ማህሌት፣ "የዚህ ኩሬ ቁጥር ለምን አልተቀየረም?" ስትለው፣ "ሙቀቱ አበላሽቶት ይሆናል" አላት። ቢሮ ባለው መዝገብ ኩሬው እስከ ግማሹ እንደሞላ ቀረ።

አንድ ቀን አስፋልቱ ዳር ኢስማኤልን ከከሱ ፍየሎች ጋር አገኛቸው። ወደ አዋሽ ወንዝ እየወረዱ ነበር። ቆመ።

"ኩሬው ደረቀ፤ ቦቴም አልመጣ" አሉት። "ከፍየሎቹ ግማሾቹ አለቁ። አንተም ጠፋህ። ያ ልጅ ቢታመም ነው እንጂ ሳያየን አያልፍም ብለን ዱዓ አደረግንልህ። አሞህ ነበር?"

ጥሩሰው መሪውን እንደያዘ፣ "አዎ አባባ፣ አሞኝ ነበር" አላቸው።

"አልሐምዱሊላህ፣ እንኳን ዳንክ።"

ሰመራ እንደገባ ለማህሌት እውነቱን ነገራት፤ ቦቴም ያን ቀን ተላከ። ለሽማግሌው የተናገረው ግን በዳጉ ወጥቶ ከእሱ ቀድሞ ይጓዝ ነበር። ሚሌ ከተማ ሻይ የምትሸጠው ሰኢዳ፣ "ተሻለህ ወይ?" አለችው። አንድ የማያውቀው የግመል ነጋዴ፣ "የታመምከው ሾፌር አንተ ነህ? አላህ ያሽርህ" ብሎ እጁን ጨበጠው።

ባለፈው ሳምንት የኢስማኤል ልጅ ኸሊዳ ልጇን ዱብቲ ሆስፒታል ልታሳይ ስትሄድ በእኛ ግቢ አለፈች። ጥሩሰው አልነበረምና በትንሽ ጀሪካን የፍየል ወተት ለእኔ ሰጠችኝ። ክዳኑ እንዳይፈስ በላስቲክ ታስሯል።

"አባቴ ለበሽተኛው ብሎ ነው" አለችኝ።

ሲመጣ ሰጠሁት። ጀሪካኑን ጭኑ ላይ አድርጎ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ፤ አልከፈተውም።

"እትዬ ውብነሽ፣ እርስዎ ይጠጡት።"

"ለአንተ የተላከውን? ምን ሆነህ ነው?"

ይህን ሁሉ የነገረኝ ያኔ ነው። ፊቱን እንዳላይ ብዬ ዓይኔን ወደ መሬት ጣልኩ።

"እንግዲያው ሄደህ ንገራቸው። ሬዲዮዋንም ስጣቸው" አልኩት።

"እሺ" አለኝ።

ኢስማኤል አሁን ያሉት ወንዙ ዳር ነው፤ ጎጆአቸው ከመንገዱ ይታያል። ሬዲዮዋ በጋዜጣ ተጠቅልላ ከሾፌሩ መቀመጫ ሥር አለች። ትናንትም ይዟት ሄዶ፣ ይዟት ተመለሰ።