ከቁልቁለቱ አናት ላይ የሚጠፋ ድምፅ

ያን ቀን ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ፊቱን አጥቁሮ ዋለ። አይዘንብ፣ አይተው። ካፊያው አስፋልቱን ሳያጥበው አርሶት ብቻ ስለቀረ መንገዱ ሳሙና የተቀባ ይመስል ነበር። ሹፌሩ የጠዋት ፈረቃውን ጨርሶ የአውቶቡሱን ቁልፍ ለእህቱ ባል አስረከበ፤ ግን እንደ ወትሮው ወደ ቤቱ አልሄደም። ተመልሶ ገባና ከሹፌሩ ወንበር ጀርባ ተቀመጠ።

«ምነው ጋሼ፣ ከቤት ተባረርክ እንዴ?» አለው አማቹ እየሳቀ።

«ካምቢዮውን ላዳምጠው ነው። አንተ ንዳ።»

ይህ ሰው የፋብሪካውን ሠራተኞች ሲያመላልስ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ሰፈሩ ከቁልቁለቱ አናት፣ ፋብሪካው ከግርጌው ነው። ሠራተኞቹ ጋሽ ቅቤ ይሉታል፤ ማርሽ ሲቀይር የተኛ ሰው አይነቃም። ታናሽ እህቱ የክር ክፍል ሠራተኛ ናት። እሷም ብትሆን «በወንድም ጋሼ መኪና ኩሌን ተኩዬ ነው የምወርደው። በሌላ ሰው መኪና ብሞክረው ዓይኔን ባወጣሁት» እያለች ሴቶቹን ታስቃቸው ነበር።

ተአምር የለውም፤ ልማድ ነው። እጁ ማርሹን ከቀየረ በኋላ ወዲያው ወደ መሪው ይመለሳል። «ማርሽ የክንድ መደገፊያ አይደለም፤ አንተ ስታርፍ ውስጥ ያለው ብረት ይፋቃል» ይላል። ግራ እግሩም ሥራ ከሌለው ፍሪሲዮን ላይ አይሰነብትም፣ ወለሉ ላይ ይቀመጣል። ዳገት ላይ መኪናውን በፍሪሲዮን አንጠልጥሎ አይዝም፤ የእጅ ፍሬኑን ይስባል። የኋላ ማርሽ የሚያስገባው ጎማው ፍጹም ከቆመ በኋላ ነው። እንዲህ እያለ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንድ ካምቢዮ፣ ያው በአንድ የማርሽ ሳጥን፣ ነዳ። መካኒኮቹ «የሱን ካምቢዮ ሆድ አይተነው አናውቅም» ይሉ ነበር።

አንዲት ጥፋት ግን ነበረችው። ቁልቁለቱ አልቆ መንገዱ ሜዳ ሊሆን ሲል፣ ከፋብሪካው በር ሁለት መቶ ሜትር ያህል ሲቀረው፣ ማርሹን ፍሪ ያደርገውና አውቶቡሱን በራሱ ግፊት ያንሸራትተዋል። በዚያች ጠብታ ናፍጣ በየወሩ «ናፍጣ ቆጣቢ ሹፌር» ተብሎ ስሙ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍለት ነበር። እሱም ደስ ይለው ነበር፤ ሰው ነውና።

የእህቱ ባል ሥራ ፈትቶ ቤት በዋለበት ዘመን እህቱ መጥታ ለመነችው።

«ወንድም ጋሼ፣ አንተ ካልክ እኮ ይቀጥሩታል።»

«እጁ ከባድ ነው እቴ።»

«የማን እጅ ሲወለድ ቀሎ ያውቃል? አንተ አለስልሰው።»

ሁለት ሳምንት አስተማረው። የስምሪት ኃላፊው ጠርቶ «ይችላል?» ሲለው የእህቱን ልመና አስቦ «ይችላል» አለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ የሚመለስ ነገር የለም።

አማቹ የከሰዓቱን ፈረቃ ያዘ። ወር ሳይሞላ ሦስተኛው ማርሽ ማልቀስ ጀመረ። ጋሽ ቅቤ ጠዋት ሲያስገባው ከውስጥ ጥርስ እንደሚያፋጭ ሰው ይንቀጫቀጫል፤ አንዳንዴም ሳይነካው ተፈናጥሮ ይወጣል። አማቹ እጁን ከማርሹ ላይ እንደማያነሳ ሳያየውም አወቀ። ይህንንስ ይመክረዋል። ያሳሰበው ሰሌዳው ነው። በሁለተኛው ወር «ናፍጣ ቆጣቢ ሹፌር» ተብሎ የተለጠፈው የአማቹ ስም ነበር፤ ቁጠባውም ከሱ በእጥፍ ይበልጣል።

በሁለት መቶ ሜትር ይህን ያህል ናፍጣ አይተርፍም። ታዲያ ከየት ጀምሮ ነው በፍሪ የሚለቀው?

መልሱን ለመስማት ነበር ከጀርባው የተቀመጠው።

አውቶቡሱ ሞልቶ ተነሳ። እህቱ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ መስታወቷን በግራ፣ ኩሏን በቀኝ ይዛለች። ከአናቱ እንዳለፉ የአማቹ እጅ ማርሹን ሲገፋው አየ። የሞተሩ ድምፅ ጠፋ። የመስታወት መጥረጊያው ሲሄድ ሲመጣ፣ ጎማው ውኃውን ሲሰነጥቅ ብቻ ይሰማል። ሴቶቹ ወሬያቸውን ቀጠሉ። ለነሱ ዝምታው ምቾት ነው።

«ማርሽ አስገባ» አለ በቀስታ፣ ሰው እንዳይደነግጥ።

«ቆይ ጋሼ፣ ራሷ ትወርዳለች።»

«አስገባ አልኩህ!»

«አንተስ በፍሪ ትለቃት የለም እንዴ? ካንተ እኮ ነው ያየሁት።»

ጋሽ ቅቤ ወደ ማርሹ ጎንበስ ሲል የጋለ ፍሬን ሽታ አፍንጫውን መታው። አማቹ ፍሬኑን ረገጠው፤ ረገጠው፤ እንደገና ረገጠው። ፍጥነቱ መቀነሱን ትቶ ጨመረ። አሁን ገና ፈራና ሦስተኛውን ለማስገባት ማርሹን ገፋው። ካምቢዮው ጮኸ፣ ማርሹም ተመልሶ ወጣ። ከአውቶቡሱ ውስጥ አንዲት ሴት «እናቴ!» አለች።

ጋሽ ቅቤ ተነሥቶ በአማቹ ትከሻ ላይ አጎነበሰና ማርሹን ነጠቀው።

«እጅህን አንሳ! መሪህን ያዝ! ፍሪሲዮን ርገጥ!... ልቀቅ! ነዳጅ ስጥ፣ ስጥ፣ ስጥ!... አሁን እንደገና ርገጥ!»

ሞተሩ ከጎማው ጋር እኩል እስኪሮጥ ጠብቆ ሦስተኛውን አስገባው፤ ገባ። ሞተሩ አጉረመረመና አውቶቡሱን ወደ ኋላ ያዘው፤ ሁሉም በየወንበሩ ወደ ፊት ተንገዳገደ። ግን ከፊታቸው ድልድይና ጠምዛዛ መንገድ አለ፤ ሦስተኛው ብቻ አይበቃም። በዕድሜው ማርሽ አስጩኾ የማያውቀው ሰው ሁለተኛውን በሙሉ ክንዱ ደንቅሮ አስገባው። ከወለሉ ሥር ብረት ሲሰበር ተሰማ፤ አውቶቡሱ ተንቀጥቅጦ ቀዘቀዘ። የእጅ ፍሬኑን ሳበ። ከድልድዩ ግንብ አንድ ክንድ ሲቀራቸው ቆሙ።

የካምቢዮው ዘይት እርጥቡ አስፋልት ላይ ሲንጠባጠብ ይሰማ ነበር። ዞሮ እህቱን አያት። ከዓይኗ እስከ ጆሮዋ ድረስ አንድ ጥቁር የኩል መስመር ተስቧል። አልጠረገችውም።

ኃላፊው በመጣ ጊዜ እህቱ ወንድሟን ወደ ድልድዩ ጥግ ሳበችው።

«ገና ሦስት ወር አልሞላውም፤ ያባርሩታል። አንተን ግን አያባርሩህም። የእናቴ ልጅ፣ ስለኔ ብለህ።»

«ልትሞቺ ነበር እኮ አንቺ።»

«አልሞትኩም። በባዶ ቤት ግን እንዴት ልኑር?»

ኃላፊው የተበተነውን የብረት ስባሪ በጫማው ገፋ እያደረገ ጠየቀ። «ይሄ ሲሰበር የማን እጅ ነው ማርሹ ላይ የነበረው?»

ሴቶቹ ሁሉ አይተዋል። «የኔ» አለ ጋሽ ቅቤ። ውሸት አልነበረም። ስለ ፍሪው ግን አልተናገረም፤ እህቱ ለምናዋለች፣ ነገሩንም ያስተማረው እሱ ራሱ ነው።

አላባረሩትም፤ ከመሪው አውርደው የፋብሪካው በር ላይ አቆሙት። ቀድሞ በመኪናው ኩል ይኳኳሉ የነበሩት ሴቶች «ጋሽ ቅቤ እርጅና መጣ፤ ሊጨርሰን ነበር» ማለት ጀመሩ። ምን ይደረጋል፣ ሰው ያየውን ነው የሚያወራው። አማቹ ሌላ አውቶቡስ ተሰጠው። «ሁለተኛ በፍሪ ብወርድ እጄ ይቆረጥ» ብሎ ማለለት። ለሦስት ሳምንት ያህል፣ ስምንት ሰዓት ሲሆን፣ የሞተሩ ጉርምርምታ ከአናቱ እስከ ግርጌው ሳይቋረጥ ይሰማ ነበር።

ከዚያ አንድ ቀን ከአናቱ ላይ ጠፋ።

አማቹን ያዘው፤ «ደክሞህ ነው ጋሼ፣ ጆሮህ ነው» አለው። እህቱን ሲነግራት ዓይኗን ሰብራ «ስሙ ሰሌዳው ላይ ስለወጣ ቀንተህበት ነው ይላል» አለች፤ እሷ ምን እንደምትል ግን አልተናገረችም። ኃላፊው ዘንድ ገባ። ኃላፊው ከወረቀቱ ቀና ሳይል «አሥራ ዘጠኝ ዓመት የኖረ ካምቢዮ የሰበርክ አንተ ነህ፤ አሁን ደግሞ ሰው ልትከስ መጣህ?» አለው። እውነቱን በሰዓቱ የደበቀው ራሱ ስለሆነ የሚቆጣበት ሰው አጣ።

እንግዲህ በየቀኑ ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል የበሩን የብረት ዘንግ ቀድሞ ያነሳል። ብዙ ጊዜ ከፍ አድርጎ ይዞት ይቆማል፤ መኪናው መቆም ቢያቅተው እንኳ በሩ ላይ እንዳይጋጭ ነው። ሞተሩ አናቱ ላይ ይሰማል፤ ይጠፋል። እሱ ይቆጥራል። እስካሁን ሰማንያ ሳይሞላ አውቶቡሱ ብቅ ሲል ኖሯል። እህቱ በመስኮቱ በኩል ታየዋለች፣ እጇን አታነሳም። አውቶቡሱ አልፎ ግቢው ውስጥ ሲቆም ዘንጉን ያወርዳል። ካፊያ በሆነ ቀን ቆጠራው ካንድም ሁለቴ ይሳሳትበታል።

ጋሽ ቅቤ ዛሬ የፋብሪካው በር ጠባቂ ነው፤ የእህቱ ባልም የከሰዓቱን አውቶቡስ አሁንም ይነዳል።