ማስኩን ያጠለቅኩለት እኔ ነበርኩ

የባለቤቴ የኤርሚያስ ሕመም መጀመሪያ የታየው ሥራው ላይ ነው። ጊምቢቹ ገበያ ልብስ ሰፊ ነው፤ የስፌት መኪናውን ፔዳል ሁለት ሦስቴ ረግጦ ማለክለክ ጀመረ። “ብርድ ነው” አለኝ፤ አመንኩት። በአራተኛው ቀን ከንፈሩ ሲጠቁር ሆሳዕና ወስጄ ሐኪም ቤት አስተኛሁት።

ኒሞኒያ ነበር። አፍና አፍንጫውን በሚሸፍን ማስክ ኦክስጅን ተደረገለት። ጣቱ ላይ የተደረገችው መሣሪያ በደሙ ያለውን የኦክስጅን መጠን፣ ሳቹሬሽኑን፣ በየሰከንዱ ወደ ነርሶቹ ኮምፒውተር ትልካለች። ነርሷ ሲስተር አበባ ደግሞ ሕክምናው የደረሰበትን ደረጃ፣ በኦክስጅን ይሁን ያለ ኦክስጅን፣ ኮምፒውተሩ ላይ ትሞላለች። “ኮምፒውተሩ ቁጥሩን የሚመዝነው በደረጃው ነው” አለችኝ። “በኦክስጅን ዘጠና አምስትና ያለ ኦክስጅን ዘጠና አምስት አንድ አይደለም።” ራሴን ነቀነቅኩ። የገባኝ ግን በኋላ ነው።

በተኛ በሦስተኛው ቀን ማስኩ ወለቀለት። ዶክተሩ “እስከ ነገ ያለ ኦክስጅን ከቆየ ወደ ቤታችሁ ትሄዳላችሁ” አለን። ደስታችን ልክ አልነበረውም። አክስቱ አተካና፣ ያን በወተትና በቅቤ የሚሠራ የቡላ ገንፎ፣ ይዘው መጡ። ሁለት ማንኪያ እንደቀመሰ ትንፋሹ አጠረ። ጣቱ ላይ ባለችው መሣሪያ ቁጥሩ ወደ ሰማንያ ሰባት ሲወርድ አየሁ።

ፈራሁ። መሄዳችን ሊቀር ነው። ኦክስጅኑን ከፍቼ ማስኩን አጠለቅኩለት። ቁጥሩ ወጣ። ኮቴ ስሰማ አወለቅኩት። ሦስቴ እንዲህ አደረግኩ። ሲስተር አበባ ገብታ “እንዴት ነህ?” ስትለው “እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ” አላት። እኛ ዘንድ በሽተኛ ሌላ መልስ የለውም።

ብዙም ሳትቆይ ተመለሰች። ኮምፒውተሩ ጠርቷት ነው። “ያለ ኦክስጅን ክትትል ላይ ያለ ሰው ቁጥሩ እንዲህ አይዘልም። ማስኩን ማን አደረገለት?”

አክስቱ ገንፎውን ያማስሉ ጀመር።

“እኔ ነኝ” አልኩ።

ዶክተሩ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ራጅ አዘዘ። ሳንባው ዙሪያ ፈሳሽ ነበር። “ቤት ሄዶ ቢሆን ላናተርፈው እንችል ነበር” አለኝ። አለቀስኩ።

ፈሳሹ ከተቀዳለት በኋላ መጀመሪያ አልጋው ጫፍ ላይ መቀመጥ፣ ቀጥሎ እስከ መስኮቱ መድረስ፣ ከዚያም ክንዴን ተደግፎ ኮሪደሩን መዞር ቻለ፤ ሲስተር አበባም ደረጃውን ከመቀየሯ በፊት ሁሌ እኔን ትጠይቀኝ ነበር፣ እኔም ያየሁትን ሳልደብቅ እነግራት ነበር። ዕድሜ ይስጣት።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እኔ የሰው በሽታ ደብቄ ነበር። አስታማሚዎች፣ ኮምፒውተሩ ቁጥሩን ያያል፤ እጃችሁ የሠራውን የምትናገሩት ግን እናንተ ናችሁ።

አሁን ወደ ስፌቱ ተመልሷል። ትናንት ኤርሚያስ ፔዳሉን አቁሞ፣ ሳይደብቅ፣ “ዛሬስ ደክሞኛል” አለኝ። እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ።