የጋሼ ባሕር

አጎቴን ጋሼ ነበር የምላቸው። ቦንጋ ላይ፣ ከሱቃቸው ጀርባ ባለው ሳሎን፣ ግድግዳ የሚያህል የመስታወት ገንዳ አሠርተው ባሕር አስገቡበት። ጨዋማውን ውሃ በጀሪካን፣ ዓሣውንና ኮራል የሚሉትን የባሕር ድንጋይ በላስቲክ አድርገው የሚያመጡላቸው የጅቡቲ መስመር ሹፌሮች ነበሩ። ዝናብ በማያባራበት አገር ውሃ በመኪና ያስጭናሉ እየተባለ ተሳቀባቸው።

መብራት በፈረቃ በሆነበት ዓመት የገንዳው ሞተር በየጊዜው ይቆም ነበር። ያኔ ጋሼ ወንበር ላይ ቆመው፣ መብራት እስኪመጣ ድረስ ውሃውን በጣሳ እየቀዱ ከላይ መልሰው ያፈሱታል።

"ጋሼ፣ ቁጭ ይበሉ እንጂ" ስላቸው፣

"እኔ ቁጭ ካልኩ እነሱ በምን ይተነፍሳሉ?" ይሉኝ ነበር።

የሞቱ ዕለት፣ ለቀስተኛ ሳይገባ ሬዲዮኑን አጠፋሁ። ሞተሩ ግን ማጉረምረሙን አላቆመም። ለለቅሶ ቤት ነውር መሰለኝና ነቀልኩት። ከዚያ ድንኳን ውስጥ ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጥኩ። ስመለስ ዓሣዎቹ በሙሉ በጀርባቸው ተንሳፈዋል።

ገንዳውን መድፋት አልቻልኩም። ዛሬም መብራት ሲጠፋ ወንበሩ ላይ ወጥቼ ባዶውን ውሃ በጣሳቸው እቀዳለሁ፣ አፈሳለሁ። እናቴ እያለቀሰች "ልጄ፣ በቃ ቁጭ በል" ትለኛለች።

ዓሣዎቻቸውን የገደልኩት እኮ ቁጭ ብዬ ነው።