ያልቆመው ሰዓት

የኮሌጁ የሩጫ አሰልጣኝ በሠላሳ ዓመት የሥራ ዘመኑ ሲሮጥ ያየው ሰው የለም። አውቶቡስ እንኳ ጥሎት ሲሄድ ቦርጩን አስቀድሞ ቀስ እያለ፣ "ይሂድ፤ አነሳሱ ጥሩ ነው" ይላል። ቱታው ጉልበቱ ላይ ነጣ ብሏል፤ አንገቱ ላይ ሁለት የሩጫ መለኪያ ሰዓቶች ተንጠልጥለዋል። አንደኛው እንደ ደንቡ ይነሳል፣ ይቆማል። ሁለተኛው ግን ቆሞ አያውቅም። ባትሪ ሲቀይርለት እንኳ የባከነችውን ደቂቃ በአንደኛው ይዞ ይደምርለታል።

"ይሄኛው የማን ነው፣ ጋሼ?" አለችው አዲሷ ሯጭ።

"የአንድ ልጅ ነው። አገር አቋራጭ ሲሮጥ ጫካው ውስጥ ገብቶ ቀረ።"

"ውይ! ሞተ?"

"ምን ይሞታል! በወዲያ በኩል ወጥቶ፣ ታክሲ ተሳፍሮ ቤቱ ገባ። ዛሬ የኮሌጃችን ዲን ነው።" ሰዓቱን አየት አደረገ። "ሃያ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ከሦስት ሰከንድ። ተስፋ ግን አልቆርጥም፤ ልጁ አጨራረስ ላይ ጎበዝ ነው።"

ዲኑ በመሮጫ ሜዳው ቢያቋርጡ ቢሯቸው ሁለት ደቂቃ ነው። እሳቸው ግን ዶፍ ቢወርድም ግቢውን በጓሮ ዞረው ነው የሚገቡት።